የአንዲት አቶም መርዶ

ሐሙስ፣ መነሻ

የሄድኩት ውሸቴን ልናዘዝ ነው። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ባለቤቴ ሄለን «ለስንት ቀን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለአራት ቀን» አልኳት። «ለአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ቀን?» አለችና ሸሚዞቼን አጣጥፋ ሰጠችኝ። እውነቷን ነው። ልናገር የምሄደው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ከአፌ ለማውጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በአንዲት የአውሮፓ ከተማ ዳር፣ በዓለም ላይ የሌሉ በጣም ከባድ ንጥረ ነገሮችን ለመፍጠር በሚሞክር ቤተ ሙከራ ውስጥ መረጃ እተነትናለሁ። ሥራዬን ለዘመድ ሳስረዳ አንድን ከባድ ብረት በጣም ስስ አድርገን በሚሽከረከር ጎማ ላይ እንቀባዋለን እላለሁ። ከዚያ ቀለል ያሉ አቶሞችን በከባድ ፍጥነት እየተኮስን ሳምንትና ወር እንደበድበዋለን። ከሚተኮሰው ስፍር ቁጥር የሌለው አቶም ምናልባት አንዷ ከብረቱ አቶም ጋር ትዋሃድና አዲስ ንጥረ ነገር ትሆናለች። ዕድሜዋ ግን ዓይን እስኪርገበገብ አይቆይም። ቅንጣት እየወረወረች፣ ደረጃ በደረጃ እየወረደች ትፈርሳለች። እኛ የምናየው አወራረዷን እንጂ እሷን አይደለም። የታችኞቹ ደረጃዎች ቀድመው የሚታወቁ ከሆኑ ከላይ ማን እንደነበረች እናውቃለን። አንዴ ማየት ደግሞ አይበቃም። እንደገና መታየት አለባት፤ ቢቻል በሌላ ቤተ ሙከራ፣ በሌላ ሰው።

ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ አንድ አወራረድ መረጃው ውስጥ አገኘሁ። ተመርምሮ እስኪያልቅ ለውጭ ሰው መናገር ክልክል ነበር። እኔ ግን በዚያው ቀን፣ ገና ምሳ ሳልበላ፣ ፒያሳ ደወልኩ። የደወልኩት ለቲቸር ዘውዴ ነው። አራዳ ውስጥ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እናቴ ካረፈች በኋላም ፒያሳ ላይ የቀሩኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ቲቸር፣ ያዝናት!» አልኳቸው።

«ማንን ነው የያዛችሁት?»

«አዲስ ንጥረ ነገር!»

 ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። በሳምንቱ ዕድሩም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ የራስ መኮንን ድልድይ ነጋዴዎችም ሰምተው ነበር።

በዓመቱ አቶሟ ወደቀች። ሙከራውን ደግመን ለወራት ተኮስን፤ ምንም አላገኘንም። ሌላ ቤተ ሙከራም ሞክሮ ምንም አላገኘም። ያየሁት አወራረድ በአጋጣሚ ተከታትለው የመጡ ምልክቶች ሆኖ ተገኘና ከመዝገብ ተሰረዘ። ቲቸር «ጸደቀች ወይ?» ብለው በጠየቁኝ ቁጥር ግን «ገና ነው፣ በሂደት ላይ ነው» እላቸው ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸውን ያማቸዋል፣ እንዴት ልንገራቸው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ኋላ ልጃቸው ሰብለ «አባዬ ጆሮው ደክሞ በስልክ አይሰማም፤ ለእኔ ጻፍልኝ» አለችኝ። ልደብቀው አልፈልግም፣ ቀለል አለኝ፤ ድምፃቸውን እየሰሙ መዋሸት ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ «ማረጋገጫው ተቃርቧል፣ ሥራው ፋታ አይሰጥም» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሷ «አባዬ ሰላም ይልሃል፣ በርታ ብሎሃል» ብላ ትመልሳለች።

አሁን ግን በቃኝ። እሳቸው ሳያርፉ በፊት ፊታቸው ቁጭ ብዬ ልነግራቸው ወስኜ ቲኬት ቆረጥኩ። የጆሮ መስሚያ መሣሪያም ገዝቼ ከሸሚዞቹ መሃል ከተትኩ። ጮኼ ሳይሆን ቀስ ብዬ ነበር ልነግራቸው የፈለግኩት።

ዓርብ ጠዋት፣ ከቦሌ ወደ ፒያሳ

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ደረስኩ። ከበሩ ውጭ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ባለታክሲ ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀኝ ማለት ይቻላል።

«የት ልውሰድህ ብራዘር?»

«ፒያሳ።»

«የቱ ፒያሳ? አዲሱ ከሆነ ስድስት መቶ ብር።»

«አሮጌውስ?»

«አሮጌውማ በነፃ ነበር፤ አንተ ዘገየህ እንጂ።»

ስቄ ገባሁ። በመስቀል አደባባይ አልፈን ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስንወጣ አንገቴ ከመስኮቱ አልተመለሰም። የእግረኛው መንገድ መኪና የሚያስነዳ ያህል ሰፍቷል፤ የመብራት ምሰሶዎቹ አዲስ ናቸው፤ እኔ በማውቃቸው የቆርቆሮ ጣሪያዎች ቦታ ሣር ተተክሏል። የምኒልክ አደባባይና ጊዮርጊስ በቦታቸው አሉ። እነሱን ይዤ ሌላውን ቦታ በግምት አገኘሁት። ያደግኩበት ግቢ የነበረበትን ስፍራ ግን ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ።

ከውቤ በረሃ አጠገብ ያለች አሮጌ ሆቴል ክፍል ያዝኩ። የጣውላ ወለሏ ሲረገጥ ያቃስታል፤ ቧንቧው ሙቅ ውኃ የሚሰጠው በራሱ ፈቃድ ነው። ከሆቴሏ በታች ካለ ቤት ቁርሴን ፉል በዳቦ በላሁ፤ መቶ ሃያ ብር። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ለሰብለ ደወልኩ። መምጣቴን አልነገርኳትም ነበር፤ ቲቸርን ድንገት ላስደስታቸው ብዬ ነው።

«መጣህ? አሁን አዲስ አበባ ነህ?» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ፒያሳ ነኝ። አሁኑኑ እናንተ ጋ ልምጣ።»

«አይ፣ አይ፣ ሱሬ። ኮንዶሚኒየሙ ሩቅ ነው፣ አንተ ደግሞ ደክሞሃል። ዛሬ ጋሽ ሽኩር ጋ ሂድ። ነገ በጠዋት እኛው እንመጣለን።»

«ቲቸርም ይመጣሉ?»

ትንሽ ዝም አለችና «እንመጣለን» አለችኝ። መስመሩ ነው ያስቸገራት ብዬ ዘጋሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ራስ መኮንን ድልድይ

ጋሽ ሽኩር የቲቸር የአርባ ዓመት ጓደኛ ናቸው። ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብሎ መስታወት የሚቆርጡበትና ፍሬም የሚሠሩበት ሱቅ አላቸው፤ የዕድሩም ዳኛ ናቸው። ሰፈሩ ለልማት ፈርሶ ሲነሣ ዕድሩ አልተበተነም፤ ሰዉ ከየተመደበበት ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ እየመጣ ዛሬም ወር በገባ ይሰበሰባል። ድልድዩ አካባቢ ካልሲ የሚሸጠው፣ ሞባይል የሚጠግነው፣ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» የሚለው ረዳት፣ ሁሉም እንደ ድሮው ይጋፋል። እዚያ ስደርስ ብቻ ነው አገሬ የገባሁ የመሰለኝ።

ጋሽ ሽኩር ከጁምዓ ተመልሰው ሱቃቸውን ገና መክፈታቸው ነበር። ሲያዩኝ የያዙትን መስታወት ቀስ ብለው ግድግዳው ላይ አስደግፈው አቀፉኝ፤ ቶሎም አልለቀቁኝም። ከዚያ ሱቁን ቆለፉት። ጋሽ ሽኩር በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ሲቆልፉ አይቼ አላውቅም።

«ኧረ ጋሽ ሽኩር፣ ሥራዎን አይፍቱ በእኔ የተነሣ» አልኳቸው።

«ዝም በል፣ ና ወደ ቤት።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ጎመንና ቆጮ አቀረቡ። እኔ አንድ ስጎርስ እሳቸው ሁለት ያጎርሱኛል። ጋሽ ሽኩርም «ብላ፣ ጉልበት ይሁንህ» ይላሉ። ስለ አየሩ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ በረራው ጠየቁኝ። ስለ አቶሟ ግን አንድም ሰው አላነሣም። በየስልኩ «ያቺ ነገርህስ?» ይሉኝ የነበሩት ጋሽ ሽኩር እንኳ ሳያነሧት ሲቀሩ ገባኝ አልኩ። ከጋዜጣ ወይ ከኢንተርኔት ሰምተዋል፤ ቲቸርም ሰምተው ተቀይመውኛል፤ ሰብለም ለዚህ ነው አትምጣ ያለችኝ። 

«ጋሽ ሽኩር፣ አቶሟ አልጸደቀችም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አልጸደቀችም?»

«የለችም። መጀመሪያውኑ አልነበረችም።»

«መቼ ነው ይሄን ያወቅከው?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «ሁለት ዓመት» አሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና «ሁለት ዓመት። ወይ አንተ ልጅ!» አሉ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ነገሩን ለማለዘብ ብዬ የጆሮ መስሚያውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። «ነገ በዚህ በደንብ ይሰሙኛል፤ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ጋሽ ሽኩር ተነሥተው ለሶላት ውዱእ ላድርግ ብለው ወጡ፤ ሲቆዩ ሲቆዩ እትዬ ዘሃራ ሄደው አመጧቸው።

«ዛሬ እዚሁ ነው የምታድረው» አሉኝ ሲመለሱ።

«ሆቴል እኮ ከፍያለሁ።»

«ሆቴሉ የትም አይሄድም። አብሽር፣ ነገ ሁሉም ይሆናል።»

ቅዳሜ ንጋት

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሽኩር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ እኔ ገና ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ሁለት የዕድር ሽማግሎች ገቡ፤ ከኋላቸው ሰብለ። ጥቁር ለብሳለች። ከኋላዋ ሌላ ሰው ይገባል ብዬ በሩን ጠበቅኩ። እትዬ ዘሃራ ዘጉት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መርዶ ለሰው የሚነገረው በንጋት ነው፤ ብቻውንም አይነገረውም። ቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል፤ ቤቱ ወይ ወዳጅ ቤት እንዲያድር ይደረጋል፤ ጠዋት የሚደግፉት ሰዎች ይመጣሉ። ይህንን ሁሉ ትናንት አንድ በአንድ አድርገውልኛል። ደሞዜ የሚከፈለኝ ከትንንሽ ምልክቶች ተነሥቼ የሆነውን ለማወቅ ነው፤ የገዛ ሰፈሬን ምልክት ግን ማንበብ አቃተኝ።

ማንም ሳይናገር «መቼ?» አልኩ።

«ኅዳር ላይ» አለች ሰብለ። «የአሁኑ አይደለም። ያለፈው ዓመት ኅዳር።»

ጋሽ ሽኩር ትከሻዬን ያዙኝ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልጽፍም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ለሞቱ ሰው ሰላምታ ስልክ ኖሬያለሁ፤ ያኔ ማልቀስ የነበረብኝን ሁሉ በአንድ ጠዋት አለቀስኩ።

ኋላ እትዬ ዘሃራ ውኃ ሰጥተውኝ ስረጋጋ ሰብለን «ለምን?» አልኳት።

«ሥራህ መጨረሻው ላይ ነው ስትል ነበራ» አለች። «ማረጋገጫው ተቃርቧል፣ ፋታ የለኝም ብለህ ጻፍክልን። ሰው አገር ብቻህን ሆነህ ሰምተህ ሥራህ እንዳይበላሽ ብለን ነው። ዕድሩ ተሰብስቦ አቶሟ ስትጸድቅ ይነገረው፣ ያኔ ደስታውም ሐዘኑም ይቻቻልለታል ተባለ። እኔም ዛሬ ትጸድቃለች ነገ ትጸድቃለች እያልኩ ጠበቅኩ።»

ስለዚህ ያቆዩኝ በራሴ ውሸት ነው። የሌለች አቶም እስክትጸድቅ እየጠበቁ ሐዘኔን አስቀመጡልኝ። እኔ እውነቱን ብጽፍ ኖሮ እነሱም በሳምንቱ እውነቱን ይነግሩኝ ነበር።

«ጆሮአቸውስ?» አልኩ።

ሰብለ አቀረቀረች። «ጆሮው ምንም አልነበረም። ካረፈ በኋላ ነው እንደሱ ያልኩህ፤ አገናኚኝ እንዳትለኝ ፈርቼ። አባዬ እስከ መጨረሻው ቀን ይሰማ ነበር።»

ይህ ከመርዶው ባልተናነሰ ጎዳኝ። አቶሟ ከወደቀች በኋላ ቲቸር አሥር ወር ኖረዋል። በእነዚያ ወሮች በየሁለት ሳምንቱ ደውዬላቸዋለሁ፤ እሳቸውም በደንብ እየሰሙኝ «ጸደቀች ወይ?» እያሉ ጠይቀውኛል። አንዱን ቀን ብናገር ያልቅ ነበር። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሑድ፣ ጋሽ ሽኩር ቤት

መርዶ የተነገረው ሰው ዘንድ ለቅሶ ይደረሳል፤ ሟቹ ከሞተ ዓመት ቢያልፈውም። የዕድሩ ሰው ከየካ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየት ከየት እየተነሣ መጣ። እኔ ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ የሁሉንም እጅ ጨበጥኩ። «እግዜር ያጽናህ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ይሉኝና ተቀምጠው ዳቦ ይቆርሳሉ። የጆሮ መስሚያውን ሰብለ በእርግጥ ጆሮአቸው ለከበደ የዕድሩ ሽማግሌ ሰጠችልኝ።

የዕድሩ ጸሐፊ፣ ቦርሳ የማይለያቸው ሰው፣ በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ አምጥተው ነበር። ስላልነበርኩ እንዳይቀርብኝ ብለው ቆመው አነበቡልኝ። የትውልድ ቦታ፣ ያስተማሩበት ዘመን፣ ከዚያ «ካፈሯቸው ተማሪዎች አንዱ አዲስ ንጥረ ነገር አግኝቶ ለዓለም አበርክቷል» የሚል ደረሰ። ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ።

ተነሣሁ። «ይህ ልክ አይደለም» አልኩ። «ንጥረ ነገሩ አልተገኘም። ተሳስቼ ነው፤ መሳሳቴን ካወቅኩ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ለቲቸር ልነግራቸው ነበር የመጣሁት።»

 ጸሐፊው አንዴ ወረቀታቸውን አንዴ እኔን ያያሉ። ከበሩ ጥግ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት አቶም ወደቀች ብለህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አሉ። «እዚህ ሰፈሩ በሙሉ ወድቆ ቁጭ ብለን ዳቦ እንበላለን!»

ለቅሶ ቤት ቢሆንም ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ሰብለ ግን አልሳቀችም። ከጓዳ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አምጥታ ፊቴ ዘረጋችው። የቲቸር የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ነው፤ ክፍል ውስጥ የምናውቀው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጣጠፈ። ከታች ከመጨረሻው ሣጥን ቀጥሎ አንድ ሣጥን በእጃቸው ተሥሏል። የተሠራው በእርሳስ ነው።

«ስክሪፕቶ ላቀብልህ ስለው እምቢ አለኝ» አለች። «‹አንድ ሰው አየሁ ስላለ አይበቃም፤ ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ያያታል፤ እስከዚያ በእርሳስ ነው› አለኝ። አልተገኘችም ብትለው እኮ ‹እንግዲያው ደግማችሁ ሞክሩ› ይልህ ነበር። ሌላ ምን ይላል ብለህ ነው የፈራኸው?»

 ዜናው ይሰብራቸዋል ብዬ የሸሸኋቸው ሰው፣ በዚያ ሰፈር «አልተሳካም» የሚለውን ቃል ከማንም በላይ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። ላጲስ ስጪኝ አልኳት። ሣጥኑን ሁሉም እያየኝ ቀስ ብዬ አጠፋሁት። ጸሐፊውም ሳይጠየቁ ስክሪፕቷቸውን አውጥተው ያቺን መስመር ሰረዟት።

ሰኞና ማክሰኞ፣ መመለስ

ሰኞ ጠዋት ከሰብለ ጋር መቃብራቸው ሄድን። የያዝኩትን ዓረፍተ ነገር እዚያ ቆሜ ተናገርኩት፤ «ቲቸር፣ አልጸደቀችም።» ሣር የሚያጭደው የግቢው ሠራተኛ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ሰብለ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ታክሲ ተሳፍረን ወረድን፤ ጋሽ ሽኩር ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣዬን ይዘው ቆመዋል። «ሁለተኛ እንዲህ አታድርገን፤ እኛም አናደርግህም» አሉኝ። ቃል ተገባባን።

ማክሰኞ ጠዋት የምኖርባት ከተማ ገባሁ። ሄለን ጣቢያው ድረስ መጥታ ፊቴን ስታይ ምንም አልጠየቀችኝም። ቤት ገብቼ ሻወር ወሰድኩ፤ ሠራተኛ ለመጪው ሙከራ ፈረቃ እንዲመዘገብ የሚል ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ተመዘገብኩ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቲቸር በዘጠነኛ ክፍል ነግረውኝ ነበር። ያልተሳካ ውጤት ሲገኝ ወዲያው ይጻፋል። እኔ በቤተ ሙከራ ውስጥ ይህንን ሕግ አንድ ቀን ጥሼው አላውቅም፤ የጣስኩት ለምወዳቸው ሰዎች ነው። ባልጥሰው ኖሮ በዚያ ኅዳር ፒያሳ እሆን ነበር፤ አፈር አልብሼ፣ ከሰብለ ጎን ቆሜ እቀብራቸው ነበር። ይህንን የሚመልስልኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሰብለ ደወለች።

«ደህና ገባህ?»

አፌ ላይ የመጣው ያው የተለመደው መልስ ነበር። ዋጥኩት።

«ገብቻለሁ ሰብሊ» አልኳት። «ደህና ግን አይደለሁም።»



«እኔም አይደለሁም» አለች። «አሥራ አራት ወር ሙሉ ደህና ነን እያልኩህ አንድ ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም።»

ከዚያ ስለ አባቷ የመጨረሻ ቀን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። ስልኩን አልዘጋሁም።